«ወደ እኛ ይዙሩ!»

በዚህ ዕድሜዬ አጥብቆ የሚፈልገኝ ሰው ቢኖር የባንክ ሠራተኛ ነው። ልጆቼ ሲደውሉ እንኳ «አባዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። የባንኩ ልጅ ግን ከረባቱን አሥሮ፣ አስፋልት ዳር ጃንጥላ ተክሎ፣ ከኪዳን ስመለስ ቆሞ ይጠብቀኛል። «አባባ፣ ሂሳብ እንክፈትልዎት? አምስት ደቂቃ አይፈጅም!» «አለኝ» ስለው የት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ስነግረው ከንፈሩን ይመጥልኛል። «ውይ አባባ! ወደ እኛ ይዙሩ እንጂ!»

እሺ ልዙር፤ ዞሬ ምን ላገኝ? ወለድ እንዳይሉኝ፣ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ካሳደገው ወዲህ፣ እንደኔ ላለው ተራ ቆጣቢ ከዚያች ከ7 እምብዛም ፈቀቅ ያለ ባንክ አላየሁም። አንዱ ጨክኖ 8 ቢሰጠኝ እንኳ በ10 ሺህ ብር ላይ የሚጨመርልኝ በዓመት 100 ብር ነው። 100 ብር! ለታክሲው፣ ለፎቶ ኮፒው፣ ሰልፍ ላይ ጉሮሮዬ ሲደርቅ ለምጠጣት ሻይ ከፍዬ ሳበቃ ባለ ዕዳ ነኝ። ቢተርፍም የኑሮ ውድነቱ ቁርሱን ያደርገዋል። ቼክ የሚጻፍበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ያለው ነጋዴ ይቀይር፣ አልከለክልም፤ እሱ ድሮም ወለድ አይታሰብለትም፣ የሚፈልገው ብድር ነው። የሚያበድረው ባንክ ካገኘ ዛሬውኑ ይሂድ። እኔ ጡረተኛው ምን ቤት ነኝ?

በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም ባንኮቹን ወረሰ፤ ኋላም እያዋሃደ የንግዱን ሥራ ለአንድ ባንክ አስረከበ። ሰው ባንክ ሲሳደብ እንኳ «የትኛውን?» ተብሎ አይጠየቅም ነበር። በ1986 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 84 ለግል ባንኮች በሩን ከፈተው። አዋሽ ቀድሞ ገባ፣ ዳሽንና አቢሲኒያ ተከተሉ፣ አሁን ከ30 በላይ ሆነዋል። በሰፈራችን ዳቦ ለመግዛት በስንት ባንክ በር አልፋለሁ፤ ዳቦ ቤቱም ቅርንጫፍ ሊሆን ነው እየተባለ ይወራል። በ2017 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች ፈቅዷል። እነሱ ሲመጡ በምን ቋንቋ እንደሚያባብሉኝ እናያለን።

የእኔዋ ሂሳብ ቁጥር ያልደረሰችበት የለም። ተከራዬ ኪራዩን የሚያስገባው በእሷ ነው። አሜሪካ ያለችው ልጄ የፋሲካውን በግ የምትልከው በእሷ ነው። ባለቤቴማ እንዳትጠፋባት ኩሽናው ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፋታለች። ደግሞ የስሜ ነገር አለ። አሮጌው ደብተሬ ላይ በእንግሊዝኛው በሁለት «ኤስ» ተጽፏል፤ ፋይዳ መታወቂያዬ ላይ በአንድ። ዛሬ ያለ ፋይዳ ሂሳብ ልክፈት ቢሉ የሚሰማ የለም። አዲሱ ባንክ በአንድ «ኤስ» ይመዘግበኛል፣ ልጄ በሁለት «ኤስ» ትልካለች፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «አባባ፣ እኚህ እርስዎ አይደሉም» ትለኛለች። ታዲያ በጉን ማን ሊገዛው ነው?

ለንደን ያለው የእህቴ ልጅ በዚህ ይስቅብኛል። እነሱ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዚሁ የተዘረጋ አሠራር አላቸው። አዲሱን ባንክ «አዙረኝ» ማለት ብቻ ነው፤ በ7 የሥራ ቀን ደመወዙንም፣ የመብራት የውሃውንም ክፍያ ራሳቸው ያሻግሩለታል፣ አሮጌውንም ራሳቸው ይዘጉታል። ሳያውቅ ወደ አሮጌው የላከ ሰው ቢኖር ገንዘቡ ለ3 ዓመት ወደ አዲሱ እየዞረ ይገባል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ባንክ «እንኳን መጣህልኝ» ብሎ ከ100 ፓውንድ በላይ ያስጨብጠዋል። «አንተስ ስንቴ ቀየርክ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ ጊዜ የት አለኝ» አለ።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሂሳብ ነው። የዕድር ሂሳብ ሲዞር ያላየ ስለ መከራ አያውራ። አንድ ባንክ ለዕድራችን «ሂሳባችሁን ብታዞሩልን ድንኳንና ወንበር እንሰጣለን» አለ። ጉባኤ ተጠራ። ግማሹ ድንኳን የሚለውን ሰምቶ አጨበጨበ፣ ግማሹ «የለቅሶ ገንዘብ በድንኳን አይለወጥም» ብሎ ተቆጣ። በድምፅ ብልጫ አለፈ። ጸሐፊው እኔ ነኝና ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፤ አሮጌው ባንክ «ማህተሙ ደብዝዟል» አለ። እንደገና ጻፍኩ። ሦስታችሁም ፈራሚዎች በአካል ቅረቡ ተባለ፤ ገንዘብ ያዡ ልጁ ጋ ሐዋሳ ነው። እሱ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ጸበል ገብቷል። ሁላችንም በተገኘን ቀን ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፊርማዬንና ወረቀቱ ላይ ያለውን እያስተያየች «ጅራቱ አይመሳሰልም» አለችኝ።

«ልጄ፣ ያንን ስፈርም እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

«ይገባኛል አባባ፤ ግን ጅራቱ…»

ድንኳኑ ግን መጣ፣ አይካድም። ደማቅ ብርቱካንማ ነው። በአራቱም ጎኑ የባንኩ ዓርማና «ነገን ከእኛ ጋር!» የሚል ጽሑፍ አለበት። አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ ተተከለ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ከዚያ ጽሑፍ ሥር ተቀምጦ ንፍሮውን ይቆረጥማል። ሊያጽናኑን የቆሙት ካህን ቀና ሲሉ አነበቡትና ሳል ያዛቸው።

የልጅ ልጄ ግን ባንክ አይቀይርም፤ ይጨምራል። የአምስት ባንክ ደንበኛ ነው፣ በአምስቱም ገንዘብ የለውም። ኢትስዊች ባንኮቹን ስላገናኛቸው ከአንዱ ወደ ሌላው በስልኩ ይወረውራል፤ ቴሌብርም አለለት። «አባባ፣ አሮጌውን ለምን ይዘጉታል? ይተኛ!» ይለኛል። መበታተኑ የሚያዋጣው ሰው አለ፣ አልዋሽም። ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው እስከ 100 ሺህ ብር ነውና ከዚያ በላይ ያለው ሰው በየባንኩ ቢያከፋፍል አይፈረድበትም። የእኔን ጡረታ ግን ምኑን ከምኑ ላካፍለው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጡረታዬን ልቀበል ሄጄ፣ ስሟን ከማልጠራት ባንኬ፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ተባልኩ። ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ሂሳቤን ዝጉልኝ!» አልኩ፣ ሰልፈኛው እስኪዞር። ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ሮጦ ወጣ። ስንት ዘመን ቆሜ ስጠብቅ ያላየሁት ወንበር ተሳበልኝ። ሻይ ታዘዘ። «አባባ፣ ምን አስቀየምንዎት? ታርጌታችንን ያውቁታል…» እያለ ሲለማመጠኝ፣ ሲስተሙም ከሄደበት መጣ!

እንግዲህ ባንክ መቀየሩን ትቼዋለሁ። ወር በገባ ቁጥር ከበሩ ጀምሬ «ዝጉልኝ» እላለሁ። ጥበቃውም ለምዶኛል፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ዛሬም ሊዘጉ ነው አባባ?» ብሎ ወንበሩን ያወጣልኛል።