ከአስፋልቱ 5 ደቂቃ

ደላላው ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ አዲስ አበባ ትሰፋለች። ሰንዳፋ «ለገጣፎን አለፍ እንዳልክ»፣ ሱሉልታ ደግሞ «እንጦጦን ሻገር ስትል» ይሆናል። ከአስፋልቱማ ሁሉም ቦታ 5 ደቂቃ ነው። በምን እንደሚኬድ ብቻ አይነገርም፤ በክረምት ጭቃ ቦት ጫማ ለሚጎትት ሰው አምስቱ ደቂቃ አርባ ይሆናል።

የግዢው ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ መሬት የሚሸጥ ሰው የለም። የሚሸጠው ቤት ነው፤ ጭቃው ያልደረቀ፣ ስምንት ቆርቆሮ የለበሰ፣ ትናንት ሌሊት በባትሪ ብርሃን የተመረገ አንድ ክፍል። ዋጋው ግን በካሬ ይቆጠራል፣ ያውም በግቢው ካሬ። ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» ያለው ወዶ አይደለም፤ ግንባታውን በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ናት።

ካርታስ? «በሂደት ላይ ነው።»

ከዚያ የገጠር ኑሮ ይጀመራል። ንጹሕ አየር በነፃ፣ የሌሊት ጅብም በነፃ። ውሃ ግን በበርሜል ይገዛል። በለገዳዲ በኩል የገዛውማ የግድቡን ውሃ ከሩቅ እያየ ይጠማል፤ ውሃው በቧንቧ አልፎት ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ እሱ ተከራይቶ ይኖርበት ወደነበረው ኮንዶሚኒየም።

አድራሻውም ቢሆን አርፎ አይቀመጥም። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ ከከተማ ሸሽቶ የወጣው ሰው አንድ ጠዋት ሌላ ከተማ መሃል ነቃ። ደላላው በዚያው ዋጋ ጨመረ።