ወለድ የሚበላው ጅብ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአምባሰል ተራራ ግርጌ፣ ከውጫሌ ወረድ ብሎ፣ እንስሳት በአንድ መንደር ይኖሩ ነበር። ማሽላ ይዘራሉ፤ ንቦቹ ማር ይሠራሉ፤ በገበያ ቀን ሁሉም ያለውን ይዞ ወደ ውጫሌ ይወጣል። ከመንደሩ ጫፍ አያ ጅቦ ይኖር ነበር። አያ ጅቦ ሥጋ መብላት ከተወ ቆይቷል። የሚበላው ወለድ ነው።

እመት አህያ እየተጫነች በወር 2 ቁና ማሽላ ታገኛለች። አንዱን ከልጆቿ ጋር ትበላለች፤ አንዱን ጎታ ውስጥ ትጨምራለች። ጎታው ገና መሙላት ሲጀምር ታላቋ ልጅ ለጋብቻ ተጠየቀች።

«ትንሽ ቆይተን ብንድራትስ?» አለች እመት አህያ።

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ጎረቤቶች። «የፍየሏ ልጅ ስትዳር ዳሱ ወንዝ ድረስ ደርሶ አልነበረም?»

እመት አህያ አያ ጅቦ ደጅ ሄደች። «አብሽሪ፣» አላት። «10 ቁና እሰጥሻለሁ። በወር 1 ቁና ብቻ ትከፍይኛለሽ።» ወረቀት አወጣ። ማንበብ አትችልምና በሰኮናዋ አተመች። በሬው ዋስ ሆኖ እሱም አተመ። እሱም ማንበብ አይችልም ነበር።

ሠርጉ ሆነ። ዳሱ ከወንዙ አልፎ ማዶ ደረሰ። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ሲሄዱም ጠላው ቀጥኗል አሉ።

እመት አህያ በየወሩ 1 ቁና ተሸክማ ትሄዳለች። አንድ ወር አላጓደለችም። 10 ወር ሲሞላ፣ «እንግዲህ ጨረስኩ፣ ወረቀቴን ስጠኝ፣» አለችው።

«አላህ ይስጥሽ፣ ደህና ከፋይ ነሽ፣» አላት አያ ጅቦ። «ወለዱን ከፍለሻል። 10 ቁናው ግን እንዳለ ነው።»

እመት አህያ ቤቷ ተመልሳ ጎታውን ገልጣ አየች። እስከ ሥሩ ድረስ ይታያል።

በዚያው ሰሞን መንደሩ ዕቁብ ገባ። የመጀመሪያው ዕጣ ለፍየሏ ወጣ። ፍየሏ ለአንገቷ ትልቅ ቃጭል ገዛችና ከዚያ በኋላ መጣል አቆመች። ዕጣው ለበጓ ሲደርስ እህሉ ጎደለ፤ ዳኛው ቀበሮ ከአያ ጅቦ ተበድሮ ሞላ። ለተከታዩ ባለ ዕጣም ተበደረ። እንዲህ እያሉ ሁሉም ዕቁባቸው ደረሳቸው፤ ሁሉም የአያ ጅቦ ባለዕዳ ሆኑ። በጓ ለፍየሏ ዋስ ናት፤ ፍየሏ ለቀበሮው፤ ቀበሮው ለበጓ።

መያዣ የሚሆን ዕቃ አለቀ። በሬው ቀንዱን አስያዘ። ንቦቹ ገና ያልፈነዳውን የመስከረም አበባ አስያዙ። ከዋርካው ሥር ማረፍ የሚሻ ለአያ ጅቦ እፍኝ እየከፈለ ያርፍ ጀመር፤ ጥላው ተይዟልና። ዶሮው ሌላ ነገር ስላልነበረው ድምፁን አስያዘ። ከዚያ ወዲያ አያ ጅቦ ሳይፈቅድለት መጮኽ ቀረ። አያ ጅቦ ደግሞ ሌሊት ሲዞር ያድርና ጠዋት ይተኛል። መንደሩ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይነቃል፤ የእርሻው ሰዓት ያልፋል፤ ማሽላው ያንሳል፤ ላነሰው ማሽላ መሙያ ተብሎ ይበደራሉ።

ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ የሚቀመጡበትንም ከፈሉ። «እኛን የጎዳን ሒሳብ አለማወቅ ነው፣» ተባባሉ። «ከሐይቅ ዳርቻ ኤሊን እናምጣ። ፊደልም ቁጥርም ታውቃለች።»

ኤሊ እስክትደርስ አንድ ክረምት አለፈ። ስትደርስ ባዶ እጅ አይቀበሏትምና ለአቀባበሏ ድግስ 30 ቁና ተበደሩ። አያ ጅቦ በክብር ቦታ ተቀምጦ ትምህርቱን መርቆ ከፈተ።

ኤሊ ሁለት ቅል አስቀመጠች። «የሚገባላችሁን በዚህኛው፣ የሚወጣባችሁን በዚያኛው በጠጠር ቁጠሩ። ሳትቆጥሩ አትበደሩ። ከምታገኙት ላይ ሳትበሉ በፊት ጥቂት አስቀሩ፤ ለክፉ ቀን ይሆናችኋል፣» አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። ትምህርቱን ስለ ወደዱት በየበዓሉ ሁለት ሁለት ቅል አንገታቸው ላይ እያንጠለጠሉ ይወጡ ጀመር። የቅል ዋጋ ወጣ። ቅል ያልነበራቸውም ተበድረው ገዙ። ጠጠር የጨመረበት ግን አልነበረም፤ ከእመት አህያ ትንሿ ውርንጭላ በቀር።

ውርንጭላዋ የእናቷን ቆጠረች። «እማ፣ በየወሩ 1 ቁና ጎታ ውስጥ ትጨምሪ ነበር። 10 ወር ብንታገሥ ኖሮ የሠርጉ 10 ቁና በእጃችን ነበር። ያንኑ 10 ወር 10 ቁና ለአያ ጅቦ አስገባሽ፤ ዕዳውም አልተነካም።»

እመት አህያ ጠጠሩን ደግማ በሰኮናዋ ለየችው። ያው ነው።

ያን ቀን በሬው ደጃቸው ተኝቶ ያመሰኳ ነበር። «ወረቀትን እኛ አልጀመርነውም፣» አለ። «በ1881 ሚያዝያ 25 ዐፄ ምኒልክ ከጣልያን ጋር እዚሁ ውጫሌ ውል ተዋዋሉ። በ1882 መስከረም ደጃዝማች መኮንን ጣልያን አገር ሄደው ተጨማሪውን ውል ፈረሙ። የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ። ኋላ የውጫሌው ውል በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዐፄው በ1885 ውሉን አፈረሱ፤ ብድሩንም ከፈሉ።»

«ውሉ ከፈረሰ ብድሩን ለምን ከፈሉ?» አለች ውርንጭላዋ።

በሬው መልስ አልሰጣትም። አጥር ላይ ወጥቶ ዝም ያለውን ዶሮ ተመለከተ።

በማግስቱ ኤሊን ይዘው አያ ጅቦ ደጅ ሄዱና ወረቀቱ ይነበብ አሉ። አያ ጅቦ አልከለከለም። ወረቀቱ የተሰወረ ነገር አልነበረውም፤ ሁሉም ተጽፏል። ወለዱ ከዐሥር አንድ ነው፤ የሚታሰበውም በቀረው ዕዳ ላይ ነው። ከወለዱ አስበልጦ የከፈለ ዋናው ይቀንስለታል።

ከዚያ ወር ጀምሮ ውርንጭላዋም ትንንሽ ጭነት ትጫን ጀመር፤ በወር 1 ቁና አመጣች። እናቷ በ1 ፈንታ 2 ቁና ከፈለች። በመጀመሪያው ወር ዕዳው 9 ቁና ሆነ። በሁለተኛው ከ8 አነሰ። በየወሩ ወለዱ ሲያንስ ከዋናው የሚነሣው እየበዛ ሄደ። በእነዚያ ወራት ልደትም ፋሲካም በቤታቸው በንፍሮ አለፈ፤ ፍየሏ በደጃቸው ስታልፍ ቃጭሏን ታንቃጭል ነበር። በስምንተኛው ወር የመጨረሻዋን እፍኝ ሰፍረው ወረቀቱን ተቀበሉ።

ወሬው ተሰማ። ጎረቤቶች ሁሉ ደጃቸው ተሰበሰቡ። «እሰይ! እንኳን ከዕዳ ወጣችሁ!» አሉ። «ድግሱ መቼ ነው?»

አያ ጅቦም ከኋላቸው ቆሞ ነበር። «አብሽሪ፣» አላት እመት አህያን። «ለድግሱ 20 ቁና አለኝ። አንቺ ደህና ከፋይ ስለሆንሽ ወለዱን ግማሽ አደርግልሻለሁ።» ወረቀቱን አዘጋጅቶ መጥቷል።

ጎረቤቶች እልል አሉ። እመት አህያ ሰኮናዋን አላነሣችም። «አስቀድሞ ይነበብልኝ፣» አለች።

ኤሊ ማንበብ ጀመረች። ኤሊ ደግሞ ስታነብ አትቸኩልም። ጎረቤቶቹ መቆም ሰለቻቸው፤ አንድ በአንድ ሄዱ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደረስ የቀሩት እመት አህያ፣ ውርንጭላዋ፣ በሬው፣ አያ ጅቦና ዶሮው ብቻ ነበሩ።

ዶሮው ከአጥሩ ወረደ። ወደ ኤሊ ጆሮ ተጠግቶ፣ ድምፁ መያዣ ነውና በሹክሹክታ፣ «ይህን ስትጨርሺ የእኔንም ታነቢልኛለሽ?» አላት።