«አይዞህ፣ አይነካም»

የቆሎ ተማሪ ጉዞ በጎጃም ደጋ በእግርና በምጽዋት የሚደረግ ረጅም የትምህርት መንገድ ነው። ተጓዡ ከእናት አባቱ ቤት የወጣ ልጅ ወይም ጎረምሳ ሲሆን፣ መድረሻው ቅኔ፣ ዜማ ወይም የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያስተምሩ የኔታ ደጅ ነው። ወጪውን የሚችለው በመንገዱና በጉባኤ ቤቱ ዙሪያ ያለው ገበሬ ነው፤ የሚሰጠውም ቁራሽ እንጀራ ነው። በሌላው ዓለም ለበጎ አድራጎት የሚራመድ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ቤታቸው ከተቀመጡ ሰዎች ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ቶም ሙር በ2012 ዓ.ም. 100 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በጓሯቸው 100 ጊዜ ተመላልሰው ለአገራቸው የጤና አገልግሎት ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አሰባስበዋል። በዚያ ጓሮ ውሻ ቢኖር እንኳ የራሳቸው ውሻ ነው። የቆሎ ተማሪን በየደጁ የሚጠብቀው ግን የሰው ውሻ ነው።

ጎጃም በተለይ የቅኔ አገር ስለሆነ ከሸዋም ከወሎም ተማሪ ዓባይን እየተሻገረ ይመጣበታል። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነ ነው፤ ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይገኛሉ። በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም የተወለዱት ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በሦስቱም ተምረዋል። በሁለቱ ወገን መካከል የሚመላለስ ተማሪ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጮቄን ተራራ በስተሰሜኑ ትቶ ያልፋል፤ ከዚያ የሚወርዱትን ጨሞጋን፣ ሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉትን ወንዞችም ይሻገራል። በአገሩ መማር ይቀለዋል የሚል ካለ የገበሬ ቤት አያውቅም። በአገሩ የሚማር ልጅ ከብት ሲጠፋ ይጠራል፣ አጨዳ ሲደርስ ይጠራል፣ የአጎት ልጅ ሲያገባ ይጠራል። ስለዚህ የማይጠራበት አገር ድረስ ይሄዳል።

ስንቁና ዕቃው ጥቂት ነው። ደበሎው የበግ ለምድ ነው፤ የደጋውን ብርድና ዝናብ ይከላከላል። አኮፋዳው የተለመነው ቁራሽ የሚጠራቀምበት ነው። በትሩ ለውሻ ነው ይባላል፤ ይህ ግን ቆይቶ እንደሚታየው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ልመናው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይጀምርና የዕለቱን ታቦት ይጨምራል፦ በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን፣ በ23 ጊዮርጊስን። ትምህርቱ ገና ያልገባው ጀማሪ እንኳ ይህን የቀን ቆጠራ አይስትም፤ ራቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የደጋው ገበሬ ቤት አንዱ ከሌላው ተራርቆ፣ በየራሱ አጥር ውስጥ የተሠራ ነው። በግ አለ፣ ጥጃ አለ፣ ሌሊት ጅብ ይመጣል። ውሻው የተቀጠረው እንግዳን ሁሉ እንዲጠረጥር ነው። ከአጥሩ ውጭ የሚቆመው ተማሪ ደግሞ ድምፁ የማይታወቅ፣ በትር የያዘ፣ የበግ ቆዳ የለበሰና የበግ ሽታ ያለው ፍጡር ነው። ውሻው ከዚህ የሚደርስበትን ድምዳሜ ስሕተት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የሚሆነው በየመንደሩ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ውሻው ይወጣል፤ እመቤቲቱም ከኋላው ብቅ ትልና፣

«አይዞህ፣ አይነካም!» ትላለች።

እመቤቲቱ አትዋሽም። ውሻው እሷን ነክሷት አያውቅም፤ ባሏንም፣ ልጆቿንም ነክሶ አያውቅም። ምስክርነቷ ባየችው ልክ ነው። ተማሪው ግን ሌላ ማስረጃ አለው፤ ማስረጃው በዚያች ሰዓት የደበሎውን ጫፍ ይዞ እየጎተተ ነው። ቁጭ ያለን ሰው ውሻ አይነክስም ስለሚባል ተማሪው ቁጭ ይላል። መላው ለውሻው ጥሩ ነው፤ ለእመቤቲቱ ግን ሌላ ትርጉም አለው። በአገሩ ወግ ደጅ ላይ ቁጭ ያለ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳም አገሩን ይጠየቃል።

«አገርህ ወዴት ነው?»

«ቡሬ ነው፣ እናቴ።»

«ቡሬ! አገሩ ደኅና ነው? አዝመራው እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው።»

«እናትህ አለች?»

«አለች፣ እናቴ። ውሻውን ቢይዙልኝ...»

«አይዞህ፣ አይነካም። አባትህስ?»

ተማሪው የአባቱንም ደኅንነት ይናገራል። ሳይመልስ ቢቀር ባለጌ ይባላል፤ ባለጌ ከተባለ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚመጣውም ተማሪ ያ ደጅ ይዘጋል። በዚህ ምክንያት በጎጃም ደጋ አንድ እጁን ለውሻ አበድሮ ስለ አዝመራ በጨዋ ደንብ መናገር የሚችል ብዙ ሊቅ ወጥቷል።

በትሩ የት ሄደ የሚል አንባቢ ይኖራል። በትሩ በተማሪው እጅ ነው፤ ግን አይነሣም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ አጥሩን መነቅነቅ እንዲህ ከተቆጠረ ውሻውን መምታት ምን ሊባል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በትር ውሻን ለማራቅ ይዘረጋል፤ አርፎበት ከተገኘ ግን ነገሩ ከባለቤቱ ጋር ነው። እመቤቲቱም በበኩሏ ውሻዋን በባዕድ ፊት አትመታም። ቀን ስለጮኸ የተደበደበ ውሻ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ዝም ቢል ማን ሊወቀስ ነው? እሱም አለ፣ እሷም አለች፣ ዱላውም አለ፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን «አይዞህ» ብቻ ነው። ጨዋነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ደንቡን ይጠብቃል፣ አንዱ ይነከሳል።

በመጨረሻ እንጀራ ይመጣል። እመቤቲቱ ከቁራሹ ቆርሳ አስቀድማ ለውሻው ትወረውራለች፤ ዝም እንዲል ነው። ተማሪው የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ጮኾ የተናከሰው ቀድሞ ተስተናግዶ ቁጭ ብሎ የጠበቀው ሁለተኛ ሲወጣ ማየት በደጋ አጥር ሥር ብቻ የሚያጋጥም አይደለም፤ ከተማ ውስጥም ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ አይቶታል። ተማሪው መርቆ ይነሣል፣ የደበሎውን ቀዳዳ ማታ ይሰፋል።

እዚህ ላይ «እናትህ አለች?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደማይቀር ማስረዳት ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ለወሬ ብላ ብቻ አይደለም የምትጠይቀው፤ ብዙ ጊዜ የራሷም ልጅ እንዲሁ ወጥቶ ሄዷል። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የማንኩሳዎቹን ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ አንድ ልጃቸውን በዛብህን በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡትን ባልና ሚስት፣ አገር ሁሉ ያወቃቸው ልብ ወለድ ሆነው አይደለም፤ እንደነሱ ያለ ቤት በየጎጡ ስለነበረ ነው። የዛሬ ተራራ ተጓዥ ያለበትን የሚጠቁም መሣሪያ ይይዝና ቤተሰቡ የት እንደደረሰ በስክሪን ላይ ይከታተላል። የተማሪው እናት ግን ልጇን የምትከታተለው በሌላ ሰው ልጅ ነው። ደጇ ላይ የቆመው ምን ያህል እንደከሳ፣ እግሩ እንደተሰነጠቀና እንዳልተሰነጠቀ ታያለች፤ ከዚያም ስለ ራሷ ልጅ ትገምታለች። ቁራሹም እንደ ግምቷ ይተልቃል ወይም ያንሳል። ከሲታ ተማሪ የተሻለ ያገኛል።

ከዚህ ሌላ ስለ ልጇ የሚደርሳት ወሬ ነው። ነጋዴ፣ የንግሥ ተጓዥና ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ያደርሱታል፤ ሁሉም ደግሞ ሲያደርሱ ያሳምሩታል። ሁለት ቤት ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ገና ያልተሳካለት ልጅ ወሬው እናቱ ዘንድ ሲደርስ የረጅሙ ቅኔ፣ የመወድስ፣ ዘራፊ ሆኗል። ሌላ ተራራ ካለፈ የኔታ ራሳቸው ያማክሩታል። ስለ ውሻ ግን ማንም አያወራም፤ የሰውን እናት ማስደንገጥ ነውር ነው።

አሁን ይህ እየተለወጠ ነው። ብዙ ተማሪ ከአኮፋዳው ጋር የእጅ ስልክ ይዟል፤ እናትም ወሬ አድራሽ ሳትጠብቅ አንዴ አስጠርታ ትዘጋና ልጁ መልሶ ይደውላል። ሰዓቱ የልመና ሰዓት ከሆነ በስልኩ ውስጥ ጩኸት ይሰማል።

«የምን ውሻ ነው እሱ?»

«አይነካም፣ እማዬ።»

እናት ባለቤቲቱን አቅርብልኝ ትላለች። ስልኩ በአጥሩ በኩል ይተላለፋል፤ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ አዝመራው ይጠያየቃሉ፣ በትውልድ ሲቆጣጠሩ በአንድ አያት በኩል ዝምድና ያገኛሉ። ተማሪው ውሻው ፊት ቁጭ እንዳለ ይጠብቃል። ሂሳቡ የሚቆጥረው በእሱ ላይ ነው።