የጠገራ ብር ግመታ

የድሮ ገንዘብ ንግድ ሸቀጡ ጥቂት፣ ባለሙያው ብዙ የሆነ ዘርፍ ነው። በሜጋም በያቤሎም ስልክ የያዘ ሁሉ ገማች ነው፤ ገዢው ግን ሁልጊዜ ዱባይ ነው ያለው።

የሸቀጡ አለቃ ጠገራ ብር ነው። ሜጋ ለድሮ ገንዘብ ባይተዋር አይደለችም፤ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት፣ ኋላም ጣሊያን የሰፈረባት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ጦር የያዛት ከተማ ስለሆነች ሊሬውንም ሽልንጉንም አይታለች።

ግመታው የሚጀምረው ከዓመቱ ነው። ጠገራው 1780 ይላል። ባለሙያው ይህን የፈረንጅ ዓመት ከኢትዮጵያ ዘመን ላይ ይቀንስና የሸቀጡን ዕድሜ ያገኛል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ለገዢው መመረቁን አያስተውልም። ደግነቱ ከንቱ ነው። በብሩ ላይ ያለችው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች ወዲህ ብሩ ሲመታ ዓመቱ ተለውጦ አያውቅም። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመትቷል፤ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም መትተዋል፤ ቪየና ዛሬም ትመታለች። ሁሉም 1780 ነው። ይህን አለማወቅ ለሙያው ግዴታ ነው፤ ያወቀ ሰው ዋጋ መጥራት ያፍራል።

የጥንት ሰዎች በዚህ በኩል ኋላ ቀሮች ነበሩ። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥራሉ፣ ብሩን አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ይመዝናሉ። ወቄት የሚባለው ሚዛን ራሱ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፤ 28 ግራም ገደማ። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። አንጥረኛ ዛሬም በዚህ ሒሳብ ገዝቶ አምባር ይሠራበታል። ሒሳቡ ግን ማንም የሚሠራው ስለሆነ በዘመናዊው ግመታ ቦታ አልተሰጠውም።

ቀጥሎ የሸቀጥ ዝግጅት ይመጣል። ጠገራው በአመድና በሎሚ እስኪያብለጨልጭ ይፈተጋል። ለዋጋው ማስረጃ የሚጠቀሰው አሜሪካ ነው፤ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ሥዕል ያለበት እ.ኤ.አ. የ1952 ካርድ በነሐሴ 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል፤ ቁራጭ ካርቶን ይህን ካወጣ ብረት ስንት ሊያወጣ ነው! ያ ካርድ በፕላስቲክ ታሽጎ ከ10 9.5 ነጥብ ያገኘው ሳይነካና ሳይታሽ በመኖሩ ነው። ይህኛው ዝርዝር ከማስረጃው ውስጥ ተቀንሷል።

ጠገራ ያጣ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። በሚሊዮኖች የተመታው፣ ልጆች ሲጫወቱበት የኖሩት ባለ አጋዘኑ የ1969 ዓ.ም. አሥር ሳንቲም «ብርቅዬ» ተብሎ ይቀርባል። በሬ ሲሸጥ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል፤ ሳንቲም አፍ የለውም፣ ስለዚህ ደላላው ይናገርለታል።

የመጨረሻው ደረጃ ሽያጩ ነው። የዱባዩ ገዢ ዋጋውን ሳይከራከር ይቀበላል፤ የሚጠይቀው የመመዝገቢያ ክፍያ አስቀድሞ በስልክ እንዲላክለት ብቻ ነው። ከተላከለት በኋላ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፤ በዘርፉ ልማድ ይህ የሽያጩ መጠናቀቂያ ነው። ጠገራው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። በማግሥቱ ዋጋው ጨምሮ ይወጣል፣ የመመዝገቢያው ወጪ ታስቦበታልና።