ክዳን፣ አመድና ቁልፍ፦ በእነዋሪ የመጸዳጃ ቤት መዓዛ አጠባበቅ ላይ የቀረበ ቅድመ ጥናት

ስለ ጅሩ ሰንጋ ያልተባለ ነገር የለም። በፋሲካ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ «የጅሩ ነው» ከተባለ ዋጋ ጠያቂው ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለ ጤፉና ስለ ስንዴው፣ ስለ ምስሩና ስለ ጓያው ብዙ ተጽፏል። ስለ መረሬው አፈር ደግሞ ከሁሉም በላይ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች እነዋሪ ድረስ መጥተው ክረምት ክረምት ውኃ የሚያቁረው ጥቁር አፈር እንዴት እንደሚጠነፍፍ አጥንተዋል። ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ አፈር እየዛቀ መደብና ቦይ ሲያወጣ አይተው መዝግበዋል። አንድ ጉዳይ ግን ሁሉም እያዩ አልፈውታል። ሰንጋ ሲያደርገው ኩበት ተብሎ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ በክብር ይከመራል። ሰው ሲያደርገው ግን ጓሮ ይደበቃል፤ በጨዋ ፊት ስሙም አይነሳም። ይህ ቅድመ ጥናት የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው፤ በተለይም ሽታው እንዳይሰማ ሰው በሚያበጃቸው መሣሪያዎች ላይ። የጥናቱ ወሰን የሞረትና ጅሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ እነዋሪ ናት። የጥናቱ ዘዴ ማሽተት ነው።

በቅድሚያ የተፈጥሮ ሁኔታው ይታይ። እነዋሪ ከባሕር ወለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። ብርድ ሽታን ያስራል፤ ነፋስ ደግሞ የተፈታውን ወደ ጎረቤት ይወስዳል። ስለዚህ የእነዋሪ ሰው ከቆላው ወገኑ ይልቅ በተፈጥሮ የታደለ ነው ማለት ይቻላል፤ ጎረቤት ከሌለው። አፈሩ ግን ወዳጅ አይደለም። መረሬ በጋ ሲሆን እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል። በዚህ የተነሳ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው በክረምት ይናዳል። አቅም ያለው በድንጋይ ይገነባዋል። ሌላው ዘንድሮ የቆፈረውን ከርሞ በሌላ ቦታ ይደግመዋል። በጓሮ መሬት አያያዝ ላይ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ በዚህ ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የቤቱ አሠራር የታወቀ ነው። ወለሉ በባሕር ዛፍ ተረብርቦ በጭቃ ተለስኗል፤ ግድግዳው ጭቃ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ ነው። በሩ ብዙ ጊዜ የማዳበሪያ ከረጢት ሲሆን፣ በአንዱ ላይ «ዩሪያ» የሚለው ጽሑፍ ሳይደበዝዝ ይነበባል። ይህ ጽሑፍ ከቤቱ አገልግሎት ጋር በኬሚስትሪ ደረጃ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ነው። በከተማዋ ካሉት ታፔላዎች ሁሉ ውስጥ ያለውን ነገር እንዲህ በትክክል የሚገልጽ አላጋጠመንም።

ከመሣሪያዎቹ ቀዳሚው ክዳን ነው። የተሰበረ ምጣድ፣ ተጠፍጥፎ የተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ ወይም ሁለት ጣውላ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ላይ እጀታ ይቸነከርበታል። እጀታው እንደየቤቱ ይረዝማል። አጭር እጀታ ያበጀ ሰው ጎንበስ ብሎ መክደን የማይቀፈው ነው፤ የረጅም እጀታ ባለቤት ደግሞ ከጉድጓዱ ጋር ያለው ግንኙነት ከሩቅ እንዲሆን የወሰነ ነው። እጀታ የሌለው ክዳንም አለ። እርሱ ተከድኖ አያውቅም።

ክዳን በአገራችን እንዲህ የገነነው በጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ይዞ መጣ፤ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ አንዱ ነበር። ሞዴል ቤተሰብ ሆኖ ለመመረቅ የፈለገ ሁሉ ጉድጓዱን፣ ክዳኑንና የእጅ መታጠቢያውን ያሳያል። የመጣው ለውጥ የሚያስቅ አይደለም፦ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ይወጡ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። በዚያ ዘመን ሲወዳደሩ ከነበሩት አገሮች ይህን ያህል የቀነሰ የለም። ጥናታችን በዚህ ላይ የሚጨምረው አንዲት ምልከታ ብቻ ናት። ክዳኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትመጣበት ቀን ቀዳዳው ላይ ይገኛል፤ በሌላው ቀን ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል። እርሷም ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። «ደኅና ዋላችሁ እቴቴ» ብላ ሰላምታዋን ከአጥር ውጭ የምታረዝመው ለክዳኑ ጊዜ ለመስጠት ነው።

እዚህ ላይ ሳይንሱ ራሱ ለሁለት መከፈሉን መደበቅ አይገባም። በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ብሌር በተባለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ፒተር ሞርጋን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሽንት ቤት ላይ የጭስ ማውጫ የመሰለ ቱቦ ተከለ። ነፋስ በቱቦው አናት ሲያልፍ ከጉድጓዱ አየር ይስባል፤ አዲስ አየር በቀዳዳው ይገባል፤ ሽታው በቱቦው ወደ ላይ ይሄዳል። ቤቱ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ዝንቡ ብርሃን ያየው በቱቦው ጫፍ ነው፤ ወደዚያ ሲወጣ ወንፊት ይጠብቀዋል፤ እዚያው ይሞታል። ሞርጋን አንድ ቱቦ ያለውና አንድ የሌለው ሽንት ቤት ላይ ወጥመድ አኑሮ ለሁለት ወር ተኩል ያህል ዝንብ ቆጠረ። ቱቦ ከሌለው ከ13,000 በላይ ተያዘ፤ ካለው ከ200 በታች። እ.ኤ.አ. በ2013 የስቶክሆልም የውኃ ሽልማት ተሰጠው። ዝንብ ቆጥሮ እዚህ የደረሰ ሰው ካለ፣ በየስብሰባው ተሰብሳቢ የሚቆጥሩ ባልደረቦቻችንም ተስፋ አይቁረጡ።

ችግሩ ያለው ቱቦው እንዲሠራ ቀዳዳው ክፍት መሆን ስላለበት ነው። ክዳን ከገጠመ አየር አይገባም፤ አየር ካልገባ ቱቦው ቆሞ ማየት ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ዓለም በክዳነኞችና በቱቦኞች ተከፍላለች። የእነዋሪ ሰው ሁለቱንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ያበጃል። ቱቦ ይተክላል፤ ከዚያም ዝናብ እንዳይገባበት በአናቱ ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ይደፋበታል፤ ዝናቡም አየሩም ይቀራሉ። ወንፊቱ ከገበያ አልተገዛም። አሮጌው የቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ከቀድሞ ቤቱ ይዞት በመጣው የሚስማር ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያስገባል፤ ዝንቡም የትኛውን ብርሃን እንደሚከተል ግራ ገብቶት እዚያው ይኖራል። ዝንቡን ሞርጋን በጨለማ እንዲወስን አስገድዶት ነበር፤ እነዋሪ ምርጫ ሰጠችው።

ሳቶ የሚባል በሚዛን ክብደት የሚከፈትና የሚዘጋ የፕላስቲክ መቀመጫም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ለባንግላዴሽ ገጠር የተበጀ ነው፤ ትንሽ ውኃ ሲፈስበት ይከፈታል፤ ሲያልፍ ራሱ ይከደናል። ስለሚሠራ ለሽሙጥ አይመችም፤ እንለፈው።

አመድ የዚህ ጥናት እምብርት ነው። እናትየዋ ጠዋት ምድጃዋን ስትጠርግ የምታገኘውን የኩበት አመድ በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልታ ሽንት ቤቱ ጥግ ታኖራለች፤ መጨለፊያው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው። ተጠቃሚው ሲጨርስ አንድ ጊዜ በተን ያደርጋል። አመድ እርጥበት ይመጥጣል፤ አልካላይን ነው፤ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥልበት ለስላሳ ቦታ ያሳጣታል። ወጪ የለውም። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይህን ቢነግሩት አመድ በዱቄት ሲስቅ እንዳየ ያያል። ከዚያ ግን እሱ ራሱ ሱፐርማርኬት ገብቶ ሰማያዊ ዱቄት ይገዛል።

የአመዱን የዘር ሐረግ መከተል ይገባል። ሰንጋው ገለባና ጓያ ይበላል፤ ያወጣው ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ እንጀራ ይጋግራል፤ እንጀራውን ሰው ይበላል፤ ሰው ያወጣውን የኩበቱ አመድ ይሸፍነዋል። በከብቱ ነገር የሰው ነገር ይሸፈናል ማለት ነው። በደጋው ማገዶ ስለጠፋ ነው እንጂ ኩበት ሜዳው ላይ ቢቀር ለአፈሩ ይጠቅም እንደነበር የግብርና ባለሙያዎች ያነሳሉ፤ ሲቃጠል ናይትሮጂኑ ይጠፋል። ትክክል ናቸው። ሆኖም ከእነርሱ ወገን አመዱ በመጨረሻ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ያለ አይመስልም። አንድ ጥንቃቄ፦ አመዱ ይብረድ። ፍም የቀረው አመድ ባሕር ዛፍ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተቃጥሎ የወጣ ደግሞ የት ሆኖ እንደተቃጠለ መናገር ይቸግረዋል።

አሁን ከጓሮው ጉድጓድ ወደ ሴራሚክ መቀመጫው እንሻገር። አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ የተቆለመመ ቱቦ ላለው መቀመጫ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በቆልማማው ውስጥ የሚቀረው ውኃ ከታች የሚመጣውን ሽታ ይዘጋል። ከዚያ 66 ዓመት ቆይቶ በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከባሕር እስከ አንኮበር ድረስ በግመልና በበቅሎ ሸክሙን ጭኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ያመጣው መድፍና ጠመንጃ ነበር። ቆልማማው ቱቦ በራሱ መንገድ፣ በራሱ ጊዜ ደርሷል፤ ዛሬ በእነዋሪ ፔንሲዮኖችም ይገኛል። ያልደረሰው ውኃው ነው።

ከሴራሚኩ ጋር የመጣው ዋናው የመዓዛ መሣሪያ በጠርዙ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ፕላስቲክ ቅርጫት ሳሙና ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ከላይ ከጋኑ ውኃ ሲለቀቅ በጠርዙ ዙሪያ ይወርዳል፤ ሳሙናውን እያጠበ ያልፋል፤ አረፋና ሽታ ይሠራል። ፔንሲዮኑ ውስጥ ግን ጋኑ ባዶ ስለሆነ ከጎኑ ሰማያዊ በርሜልና ጆግ ተቀምጠዋል። በጆግ የሚደፋ ውኃ ደግሞ በቀጥታ ከመሐል ነው የሚወርደው፤ ጠርዙን አይነካም። ሳሙናው ደርቆ፣ ቀለሙ ሳይለቅ፣ እንደ ጎረምሳ አንገት ሐብል ተንጠልጥሎ ዓመቱን ይከርማል። ባለቤቱ «ከተገዛ ጀምሮ አላለቀም፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ሲል ሰምተናል። ስለ ቁጠባው ማስረጃ አለን፤ ስለ መዓዛው የለንም።

ናፍታሊን ከዚህ ይሻላል፤ ውኃ አይጠይቅም። ነጫጭ ኳሶቹ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ትነት እየተለወጡ ያልቃሉ፤ ሽታውም ያለውን ሽታ አያጠፋም፣ ከላዩ ይቀመጥበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የናፍታሊን ኳስ ከገበያ ቢያስወጣም፣ በእኛ ዘንድ አሁንም የቁም ሣጥንና የመታጠቢያ ሳህን ሹም ነው። እንግዳው በሩን ከፍቶ ናፍታሊን ሲሸተው «ንጹሕ ነው» ይላል። ምን እንደተጸዳ አይጠይቅም።

በረኪናና አሲድ ላይ ግን ሽሙጡን ለጊዜው አስቀምጠን እንናገር። «አንዱ ብቻውን አልለቅ አለኝ» ብላ ሁለቱን አንድ ላይ የምትደፋ ሠራተኛ የክሎሪን ጋዝ እየሠራች ነው፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1915 ኢፕር ግንባር ላይ የለቀቁት ይህንኑ ጋዝ ነው። እነርሱ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ እርሷ ያለችው መስኮት በሌለው፣ ሁለት ሰው በማያስቆም ክፍል ውስጥ ነው። አይቀላቀሉም። ሽንት በበዛበት ላይም በረኪና ሲደፋ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ አስቀድሞ በውኃ ማጠብ ነው።

ዕጣንን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ የተረፈውን ማጨሻ ወደ ጓሮ የሚወስዱ ቤቶች አሉ፤ ውጤቱ ቤተ ክርስቲያንና ሽንት ቤት በአንድ አፍንጫ መግባታቸው ስለሆነ አዘውታሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ለኬሚስቶች አንድ ነገር ጣል እናድርግ፦ የዚያ ቤት ሽታ ከሚሠሩት ውሁዶች አንዱ ኢንዶል ነው፤ ይኸው ኢንዶል በጥቂቱ በጃስሚን አበባ ውስጥም አለ። ልዩነቱ የመጠን ነው። ሽቶ ነጋዴዎች ይህን ሲያስተዋውቁ አይሰሙም።

በመጨረሻ ከሁሉም መሣሪያ በላይ ውጤታማ ሆኖ ያገኘነው ቁልፍ ነው። የሕዝብ አገልግሎት በሚሰጡ ቦታዎች ቁልፉ እንዳይጠፋ ከትልቅ ነገር ጋር ይታሰራል፤ የእንጨት ጉማጅ፣ የበሬ ቀንድ፣ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ። ሃይላንዱ ውኃ ከተሞላ ተጠቃሚው ቁልፉንና መታጠቢያውን በአንድ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ በሌላ አገር ያላየነው ፈጠራ ነው። እርግጥ ሃይላንዱን አንጠልጥሎ ግቢውን ሲያቋርጥ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አይኖርም፤ ግን ለሳይንስ መሥዋዕት መክፈል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የቁልፍ ዓይነት አይሰጥም። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት በር ጎን ለጎን አለ። አንዱ ክፍት ነው፤ ከርቀት ይታወቃል። ሁለተኛው ተቆልፏል፤ በሩ ላይ «ለእንግዳ» ተብሎ ተጽፏል። በቁልፉ ቀዳዳ ስናሽት ምንም ሽታ የለም። በስንጥቁ እንደታየው ሴራሚኩ ነጭ ነው፣ ማሸጊያ ላስቲኩ አልተላጠም፣ ብሩሹ ከነወረቀቱ ነው፣ በጠርዙ ላይም አንድ አዲስ ሳሙና ተንጠልጥሏል። ሰው ያልገባበት ቤት እንደማይሸት አስቀድመን ብንገምትም በማስረጃ ያረጋገጥነው እዚህ ነው። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች እንዳይጠቀሙበት የሚከለክል ሕግ የለም፤ የመጡ ጊዜ ግን ስብሰባው ስለሚያጥር ይዘውት ነው የሚመለሱት።

ውስጡን ለመለካት ቁልፉን ጠየቅን። የጥበቃ ሠራተኛው በትሕትና «ንብረት ክፍሉ ጋ ነው» አሉን። ንብረት ክፍሉ «ኃላፊው ጋ ነው» አለ። ኃላፊው ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ሄደዋል፤ ርእሱ የአካባቢ ጽዳት ነው።