ካሜራው የተዘጋ ዩኒቨርስ

የዩኒቨርስን ነገር ለሃይስኩል ተማሪ በኢንተርኔት ላስተምር የሚል ሰው አስቀድሞ ከጥቁር ሳጥን ጋር ማውራት ይልመድ። እኔስ ለምጄዋለሁ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ሲል ኮምፒውተሬ ላይ ሃያ ሳጥን ይደረደራል፤ ስም አለ፣ ፊት የለም። ካሜራ የሚከፍተው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ስልኩን ስኳር ጣሳ ላይ ስለሚያስደግፈው ከግንባሩና ከቤታቸው ኮርኒስ ሌላ አይታየኝም።

ከሃያ አንድ፣ አምስት በመቶ መሆኑ ነው። ዩኒቨርስም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ተሳትፎ የለውም። ከዋክብቱ፣ ፕላኔቶቹ፣ ጋዙ፣ አቧራው፣ እኔና አንባቢዬ ተደማምረን ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ብንሆን ነው። 27 በመቶው ዳርክ ማተር፣ 68 በመቶው ደግሞ ዳርክ ኢነርጂ ይባላል፤ ሁለቱም ካሜራ አይከፍቱም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ኮማ በሚባለው የጋላክሲዎች መንጋ ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች ከልክ በላይ ሲፈጥኑ አየ። የሚታየው ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተበታትነው ነበር፤ ስለዚህ የማይታይ ነገር ይዟቸዋል ብሎ ደመደመ። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ደግሞ በ1970 የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ዳርቻ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠበቀው ሳይዘገይ በዚያው ፍጥነት ሲዞር አገኙት።

የማይታየውን በሥራው ነው የምታውቀው። እኔም ተማሪዎቼን የማውቃቸው በዚሁ መንገድ ነው። ከአንዱ ሳጥን ቡና ሲወቀጥ ይሰማል፤ ከሌላው ሰዓቱን የሳተ አውራ ዶሮ ይጮሃል፤ ከሦስተኛው «አንተ ልጅ፣ ያንን ስልክ ዝጋና ውሃውን ቅዳ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ብርሃን ባይሰጡም መኖራቸው አያጠራጥርም። ስማቸውን አስገብተው ኳስ ሊያዩ የሄዱትን ግን ከየትኛው ወገን እንደምመድባቸው ገና አልወሰንኩም።

የምንጠቀምበት ነፃ ፕሮግራም በ40 ደቂቃ ያባርረናል። 13.8 ቢሊዮን ዓመት በ40 ደቂቃ! አንድ ቀን ጨክኜ አካፈልኩት። ፀሐይ የምትወለደው በ27ኛው ደቂቃ ገደማ ነው። ዳይኖሰሮች የሚጠፉት ሊዘጋብን 11 ሴኮንድ ሲቀረው ነው። የሰው ልጅ ደግሞ የሚመጣው እኔ «ደህና እደሩ» ልል አፌን ስከፍት ነው፤ ቃሉን ሳልጨርስ ይቋረጣል። ይህ ታዲያ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በተግባር የመጀመሪያው ሦስት ቢሊዮን ዓመት «ይሰማል?»፣ «አይሰማም»፣ «አሁንስ?» በመባባል ያልቃል።

ኔትወርኩ በራሱ መምህር ነው። ብርሃን ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ እንደሚፈጅበት፣ ስለዚህ የምናየው ሁሉ የቆየ ዜና እንደሆነ ለማስረዳት ስንት መከራ አይ ነበር። አሁን ደሴ ያለችውን ተማሪዬን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃኛል። «የጨረቃ ብርሃን ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል?» አልኳት። ጠበቅን። ሌላ ርዕስ ጀመርን። ስለ ጁፒተር ጨረቃዎች እያወራሁ ሳለ ድምፅዋ ድንገት ገባ፤ «1.3 ሴኮንድ፣ ቲቸር!» መልሷ ትክክል ነው። ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር፣ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር፤ በኛ ኔትወርክ ስሌት ግን ደሴ ከጨረቃ ትርቃለች።

የዩኒቨርስን መስፋፋት ለማስረዳት የፈረንጅ መጻሕፍት ዘቢብ ጣል ጣል ያለበት ዳቦ ይሰጣሉ። እኔ በድፎ ዳቦ ተካሁት። ጥቁር አዝሙዱ ጋላክሲ ነው፤ ሊጡ ኩፍ ሲል እያንዳንዱ ፍሬ ከጎረቤቱ ይርቃል፤ ድሮም የራቀው ይበልጥ ይፈጥናል። ቤልጅየማዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ያሰላው፣ ኤድዊን ሀብል በ1929 ከቴሌስኮፕ መረጃ ያሳየው ይኸንኑ ነው። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ ቆየና አንዱ ሳጥን፣

«ቲቸር፣ ሊጡ ሲሰፋ ወዴት ነው የሚሰፋው? ኮባው የታለ?» አለ።

ግሩም ጥያቄ ነው። ኮባ የለም አልኩት። ምጣድም የለም። ዳቦው ወደ ባዶ ቦታ አይሰፋም፤ ቦታው ራሱ ነው የሚሰፋው። ጠርዝ የለውም፣ መሀልም የለውም፤ ከየትኛዋም ፍሬ ላይ ሆነህ ብታይ ሌሎቹ ካንተ ሲሸሹ ታያለህ። ኮራሁ። ወዲያው ከዚያው ሳጥን ጀርባ የእናት ድምፅ መጣ፤

«ኮባ ከሌለውማ ያራል!»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን የሰማ ያለ አይመስለኝም።

ከካሜራ ጀርባ ያሉት ወላጆች ከልጆቹ ይበልጣሉ፤ በቁጥርም፣ በትኩረትም። ቡና እያፈሉ ይሰሙኛል። ችግሩ እኔን ኮከብ ቆጣሪ አድርገው የያዙኝ አሉ። አንዲት እናት በሳምንቱ መሀል ደውለው፣ «መምህር፣ ለታላቋ ልጄ ሰው መጥቶላታል። የእሱንና የእናቱን ስም ልንገርዎት፤ እርስዎ ይደምሩልኝ» አሉኝ። የፊደላቱን ቁጥር ደምሮ ለ12 ገድፎ፣ ሐመል ነው ሰውር ነው ገውዝ ነው የሚለውን ማለታቸው ነው። እኔ የማስተምረው የዚያን ዓይነት ኮከብ አይደለም፤ ኮከቦቹ ከምን እንደተሠሩ፣ ምን ያህል እንደሚርቁ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ለልጁ ምን ያደርግለታል?» አሉ። ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ጠይቆኛል፤ እሱ እንኳ «በጀት» የሚል ቃል ጨምሮበት ነበር።

ግን የአገር ቤቱን ቆጠራ ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተት አይገባም። ጎንደር ያለው ተማሪዬ ዲያቆን ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ቅዳሜ ነበር። ጄሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት የሚበዙበት ሰሞን በመሆኑ ስቴላሪየም የተባለውን ፕሮግራም ከፍቼ ስክሪኔን አጋራሁ። ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ሌሊት የቀራት ስለሆነች ተወርዋሪዎቹን በብርሃኗ እንደምትውጣቸው እያስረዳሁ ነው። ዲያቆኑ ማይክ ከፈተ።

«ቲቸር፣ በእኛ ቆጠራ ሌሊቷ ስምንት ናት።»

ኮምፒውተር አልነካም፤ ዳታም አላባከነም። የዚያ ዓመት አበቅቴ 1፣ የታኅሣሥ ሕጸጽ 2፣ ዕለቱ 5፤ ደመረው፣ 8፤ ልትሞላ ገና ቀናት ይቀሯታል ማለት ነው። እኔ በመስኮት ብቅ ስል ጨረቃዋ ድፍን ልትሆን ምንም አልቀራት። እሱም ወጥቶ አያት። ሁለታችንም ዝም አልን።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ ከቀመስኩት ሁሉ የጣፈጠኝ ትምህርት ይኼ ነው። ዲያቆኑ የተጠቀመበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብ፣ 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ያስተካክላል። ባለ 365 ቀን ከሩብ ሆኖ 19 ዓመት ሲቆጠር 6,939.75 ቀን ነው፤ 235ቱ ወራት ደግሞ 6,939.69። ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው! እሷ ተጠራቅማ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች። ቀመሩን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ድሜጥሮስ እንዳወጣው በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ከአምስት ቀን በላይ ተጠራቅሟል። ስሌቱ በዓል ለማውጣት የተሠራ እንጂ ለቴሌስኮፕ አይደለምና ማንንም አላስቸገረም። ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ ዲያቆኑ አሰብ አድርጎ፣

«የእርስዎ አፕስ ከ1,700 ዓመት በኋላ ስንት ቀን ይሳሳታል?» አለኝ።

አፑ በዚያችው ሰዓት «አዲስ ስሪት ይጫኑ» እያለ ሲለምነኝ ነበር።

የመጨረሻው ፈተናችን የቤት ሥራ ነው። ልጆች ስክሪን ላይ ጋላክሲ ሲያዩ ከፊልም አይለዩትም፤ ስለዚህ ደጅ አወጣቸዋለሁ። እጅህን ዘርግተህ ጡጫህን ብትጨብጥ ከሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በዚያ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለውን ከፍታ ለኩልኝ አልኩ። የኮከቡ ከፍታ የቆምክበትን ኬክሮስ ይነግርሃል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ተማሪዬ (ለእኛ ምሽት ሲሆን ለእሷ ረፋድ ነውና ሁልጊዜ ቁርስ እያኘከች ነው የምትገባው) አራት ጡጫ ብላ ላከች። ገርጂ ያለችው ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ወጥታ አንድ ጡጫ ጎደል ያለ አለች። አዲስ አበባ 9፣ ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ላይ ናቸው። ሁለት ልጆች፣ ሁለት ጡጫ፣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ መሬት ክብ መሆኗን መሰከሩ።

ሽሮ ሜዳ ያለው ልጅ ግን ምንም አልላከም።

«ቲቸር፣ እንጦጦ ጋርዶኛል።»

እውነቱን ነው፤ ለሽሮ ሜዳ ሰሜን ማለት ተራራ ነው። ይባስ ብሎ እዚያው ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ቆሟል። እነሱ ያዩታል፣ እኔ ተራራቸውን አያለሁ ብሎ አማረረ። አባቱ «ቆይ፣ ሲወጣ ታየዋለህ» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ላይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አብረውት ተቀመጡ። ያ ኮከብ ደግሞ መውጣትም መግባትም አያውቅም፤ እዚያው ቦታው ነው፣ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ተራራውን ልውጣው ቢል ጅብ አለ።

በሳምንቱ ግን መልስ ይዞ ከተፍ አለ። ኮከቡን ትቶ ተራራውን ለክቶታል፤ አንድ ጡጫ ሙሉ። እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ ኮከቡ ከተራራው ጀርባ ስለሆነ ከ10 ዲግሪ አይበልጥም።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ዳርክ ማተርን ፍለጋ መሣሪያቸውን ከመሬት በታች ጥልቅ ዋሻ ውስጥ አስቀምጠው ለዓመታት የሚጠብቁ ሳይንቲስቶች እስካሁን የሚያሳትሙት ይኸንኑ ነው፤ አላገኘነውም፣ ግን ከዚህ አይበልጥም። ይህን ሁሉ በደስታ እየተንተባተብኩ ስነግረው ልጁ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«እሺ ቲቸር፤ ታዲያ ከ10 ስንት ሰጡኝ?»

«ከ10 አይበልጥም» አልኩት።