ከአጥሩ ውጭ የቆመው አባል

የዕድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ሠንጠረዥ በኤክሴል ሲሠራ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶበታል፤ ዳሩ ወፍራም መስመር፣ ውስጡ ቀጭን፣ አናቱ ሰማያዊ። ሊያትመው ሲል አዲስ አባል መጣ።

ከርዕሱ ሥር አንድ ረድፍ አስገባ። ኤክሴል አዲስ ረድፍ ሲገባ መልኩን የሚቀዳው ከላይ ካለው ነውና፣ ዛሬ የተመዘገበው ሰው ሰማያዊ ለብሶ፣ በደማቅ ፊደል፣ ከሊቀመንበሩ በላይ ጉብ አለ። ከጎኑ ብቅ ያለችውን የብሩሽ ምልክት ነክቶ የታችኛውን ረድፍ መልክ ቢያስይዘው በተገላገለ ነበር፤ እሱ ግን ሰረዘውና ከመጨረሻው መስመር በታች ጻፈው። ሰውዬው ወርሃዊውን ይከፍላል፣ ድንኳን ይተክላል፣ መስመር ግን የለውም።

መላው እኮ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል፦ ዝርዝሩን መርጦ ኮንትሮልና ቲን መጫን። ከዚያ ወዲያ ከሥር የሚጻፍ ስም ሁሉ ቅርጹን ይዞ ይገባል።

«ምን አደከመኝ፣ በእጄ አሰምረዋለሁ» አለ ጸሐፊው። ዓምዶቹን ከላይ እስከ ታች መረጠና አሰመረ፤ ኤክሴልም እስከ 1,048,576ኛው ረድፍ ድረስ አጠረለት። ፕሪንተሩ ባዶ አጥር ማውጣቱን ገና አልጨረሰም።